የቀለለ ጥበብና የከበደ ውሳኔ

ትግል የሚገጥም ሰው ስንት ዐይነት አጣጣል ማወቅ ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሜዳ ጥያቄ ነው፤ ከአቧራና ከላብ ያለፈ ቁም ነገር ያለው አይመስልም። ቆም ብለው ሲያጤኑት ግን ባለቅኔውንም፣ ተዋናዩንም፣ ድንጋይ ጠራቢውንም የሚመለከት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በሌላ አነጋገር ጥያቄው እንዲህ ማለት ነውና፦ ሰው ጥበብን የሚማረው በመጨመር ነው ወይስ በመቀነስ? መምህር የሚያውቀውን ሁሉ ለተማሪው ማስረከብ አለበት ወይስ መርጦ መስጠት? መርጦ የሚሰጥ ከሆነስ፣ ያልሰጠውን የመንፈግ መብት ከየት አገኘ?

በእኛ ዘንድ የዐዋቂ ምስጋና ከብዛት ጋራ የተያያዘ ነው። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አጠናቆ የያዘውን መምህር «ዐራት ዐይና» ብለን እናከብራለን። ክብሩም የሚገባው ነው። አንዱን መጽሐፍ በሌላው እየመረመረ፣ የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ጉባኤ ለሚዘረጋ ሰው ዐራት ዐይን አይበዛበትም። እንዲህ ያለው ሊቅ ግን ተቀምጦ የሚያስብ ነው፤ ጊዜ አለው፤ መጽሐፉን ገልጦ ሊመለከት፣ ትርጓሜውን ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል። ጥያቄዬ የሚነሣው ጊዜ ስለሌለው ሰው ነው። ወገቡን ተይዞ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ይህን ላድርግ ወይስ ያን ብሎ መቁረጥ ስላለበት ሰው ነው።

በደጋው አገር እረኞች ትግል ሲጋጠሙ የተመለከተ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሲያወራ ብዙ ብልኀት የሚቈጥረው ልጅ ብዙ ጊዜ ከሥር ይገኛል። አንዲት ጥልፊያ ብቻ ያለችው፣ እሷንም ከብቱን ባገደ ቍጥር ሲደጋግማት የኖረው ልጅ ግን ባላጋራውን ይጥላል። ይህ የሚሆነው ብልኀት ማወቅ ስለሚጎዳ አይደለም። ብልኀቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ስለሚሮጡና በሩ ላይ ስለሚተፋፈጉ ነው። ዊሊያም ሂክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ይህንኑ ነገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በመብራቶች ለክቶ አሳይቶ ነበር። ሰውየውን ከመብራቶች ፊት ያስቀምጠዋል፤ አንዱ ሲበራ ከዚያ መብራት ጋራ የተመደበውን መጫኛ ቶሎ መጫን አለበት። የመብራቶቹ ቍጥር ሲጨምር መልሱ ይዘገያል። መዘግየቱም ሥርዐት ያለው ነው፤ ምርጫው በእጥፍ ባደገ ቍጥር ጊዜው በእኩል እኩል መጠን ይጨምራል። ልምምድ ይህን መዘግየት ሊያሳጥረው ይችላል፤ ግን ልምምድ ራሱ ዕድሜ ይጠይቃል፤ የተማሪ ዕድሜም ውስን ነው። እንግዲህ መቶ ብልኀት በመቶ ቀን የተማረ ሰውና አንድ ብልኀት በመቶ ቀን የተማረ ሰው በሜዳ ሲገናኙ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ችግር በግልጽ አንሥተው መልስ የፈለጉለት የትግል አስተማሪዎች አሉና ታሪካቸውን ባጭሩ ማውሳት ይጠቅማል። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በ1882 ዓ.ም. (ይህና ወደፊት የሚጠቀሱት የውጭ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁም በእጁ የነበረው ከጥንት የጁጂትሱ ቤቶች የወረሰው ብዙ ትምህርት ነበር። ከዚህ ውስጥ አደገኛ የሆኑትን፣ ማለትም መምታቱንና ዐይን መጓጐጡን የመሳሰሉትን፣ ከነጻው ግጥሚያ አወጣቸው። የቀረውን ተማሪው በሙሉ ጕልበቱ፣ በማይተባበረው ባላጋራ ላይ፣ በየቀኑ እንዲለማመደው አደረገ። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። በስም የሚያስፈራው ብልኀት በወረቀትና በዝግጅት ልምምድ ላይ ሲቀር፣ የዋህ የሚመስለው ብልኀት ግን በየቀኑ እየተፈተነ ስል ሆነ። አጣጣሎቹንም በ1895 ዓ.ም. በአምስት ምድብ 42 አድርጎ ሰደራቸው፤ በ1920 ዓ.ም. ምድቡ እንደገና ሲታይ አንዳንዶቹ ወጥተው፣ ሌሎች ገብተው ቍጥሩ 40 ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ካኖ የቀነሰውን እንዳልጣለው ነው። ከግጥሚያው ያወጣውን ትምህርት «ካታ» በሚባለው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ሥርዐት ውስጥ አኑሮታል። በጓዳ አስቀመጠው እንጂ ከቤት አላወጣውም።

የካኖ ተማሪ ሚትሱዮ ማዬዳ ብዙ አገር ዞሮ በ1914 ዓ.ም. ብራዚል ገባ፤ በሰሜኑ ቤሌም ከተማ ሲቀመጥም ካርሎስ ግሬሲ የተባለው ወጣት ከእርሱ ተማረ። ቤተሰቡ እንደሚተርከው የካርሎስ ታናሽ ወንድም ኤሊዮ ሰውነቱ ደካማ ስለነበረ ጕልበትና ፍጥነት የሚጠይቀውን ሁሉ ትቶ፣ በመሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ እንኳ ራሱን የሚከላከልበትን፣ ጊዜ ወስዶ ባላጋራውን የሚያደክምበትን መንገድ አጠነከረ። የብራዚል ጁጂትሱ የሚባለው ጥበብ ሥሩ ይኸው ነው። የድካም ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ያልቻለውን በመተው የሚችለውን ያገኘ ሰው ጥበብ።

የዚህ ትግል ውስጣዊ አሠራር ለጥያቄያችን ስለሚበጅ ጥቂት ልቈይበት። ላየው ሰው ሁለት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተጠላልፈው የሚንከባለሉበት ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ለተማረው ግን መሬቱ ላይ የማይታይ ደረጃ አለ። ከሥር ሆኖ ባላጋራውን በእግሮቹ መካከል የያዘ አለ፤ ያንን የእግር አጥር ዐልፎ ከጎን የተኛበት አለ፤ ደረቱ ላይ የተቀመጠ አለ፤ ጀርባውን ይዞ የተጣበቀበት አለ። በውድድር ላይ የሚሰጠው ነጥብ ይህንኑ ደረጃ የተከተለ ነው፤ ባላጋራን ከቁመቱ ለመጣል 2፣ የእግሩን አጥር ለማለፍ 3፣ ደረቱ ላይ ለመቀመጥ ወይም ጀርባውን ለመያዝ 4። ስለዚህ ጥሩ መምህር ለጀማሪው መቶ የእጅ መጠምዘዣና የአንገት ማነቂያ አይዘረዝርለትም። ጥያቄዎችን በተራ ያስይዘዋል እንጂ። በመጀመሪያ፣ አደጋ ላይ ነኝን? ቀጥሎ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ የቱ ነው? ቦታውን ከያዝኩ በኋላ ደግሞ፣ የሚጨርሰው ምንድን ነው? ተራው ከተዛባ፣ ቦታ ሳይዝ ለመጨረስ የቸኰለ ሰው፣ ያለውንም ያጣል።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ማቅለል» የምንለው ነገር ትክክለኛ ትርጕሙ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ። ማቅለል ማሳነስ አይደለም። ውሳኔን ከአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ነው። በግጥሚያው ቅጽበት ሊነሡ ከሚችሉት ዐሥር ጥያቄዎች ዘጠኙን አስቀድሞ፣ በረጋ መንፈስ፣ በልምምድ ቦታ መልሶ መጨረስ፤ ለቅጽበቷ አንዲት ጥያቄ ብቻ ማስቀረት። ከባድነቱ አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። የቀለለውን ጥበብ የሚያይ ሰው ቀላልነቱን ያያል፤ ቀድሞ የተከፈለውን ውሳኔ ግን አያይም።

ይህን ለመረዳት ግን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የውሳኔ ቅደም ተከተል ምን ማለት እንደሆነ በዐይን የሚያሳይ ሥራ በላስታ ደጋ ቆሞ ይገኛል፤ ወይም በትክክለኛው አነጋገር፣ ተቈፍሮ ይገኛል።

የላሊበላን ዐሥራ አንድ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ስንጎበኝ ብዙዎቻችን የምናደንቀው የሥራውን ብዛትና ግዝፈት ነው። ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት፣ ስንት መዶሻ? ትውፊቱ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት እየጨመሩ ይሠሩላቸው እንደነበር መተረኩ ከዚሁ አድናቆት የመነጨ ይመስለኛል። እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ተራው ነው። ግንበኛ ቤት ሲሠራ ከመሠረት ይነሣል፤ ግድግዳውን ያቆማል፤ ጣራውን በመጨረሻ ያለብሳል። ድንጋዩ ካልተመቸው ያነሣዋል፤ ግድግዳው ከጎበጠ ያፈርሰዋል። የላስታ ጠራቢ ግን የሚጀምረው ከጣራው ነው። ከምድሩ ወለል ላይ ሆኖ በዙሪያው ጥልቅ ጕድጓድ እየቈፈረ አንዱን ዐለት ከእናቱ ዐለት ይለየዋል፤ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ግድግዳውን ያወጣል፤ መስኮቱንና በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሆዱን ይፈለፍላል። ሌላው ግንበኛ ቀድሞ የሚያገኘው ወለል ለእርሱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የቀነሰውን መመለስ አይችልም። በግንብ ሥራ ስሕተት በመዶሻ ይታረማል፤ በዐለት ሥራ ግን መዶሻው ራሱ ስሕተቱ ነው።

በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ካለው ጠርዝ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ነው። ከዚያ ዐይኑ ወደ ዐሥራ ሁለት ሜትር ገደማ በሚወርደው ግድግዳ ላይ ይንሸራተታል። ታዲያ የሕንፃው መልክ በሙሉ የተወሰነው የት ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ እዚያው ጣራው ላይ ነው የሚል ነው። መስቀሉ ከላይ አንዴ ከተሰመረ በኋላ፣ ከሥር ገብቶ በጕድጓዱ ውስጥ የሚሠራው ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርጽ አይጠየቅም። የእርሱ የዕለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ማእዘን ከላይ ከመጣው መስመር ሳይወጣ እንዴት ይውረድ? ትልቁ ውሳኔ ቀደም ብሎ፣ በብርሃን፣ ሰፊ ቦታ ላይ ተወስኗል። ለጕድጓዱ፣ ለአቧራውና ለድካሙ ሰዓት የቀረው ትንሹ ነው። በቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ ረድፍ ረድፍ የቆሙትን ዐምዶች ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር እንማራለን። ዐምዱ የተሠራ አይደለም፤ የተተወ ነው። ጠራቢው በጨለማ ውስጥ ድንጋይ እየፈለፈለ ሲገባ፣ ገና ያላየውን ዐምድ ቦታ ዐውቆ፣ እዚህ ጋ እጄን እሰበስባለሁ ማለት ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብናገር አንባቢ የሚታገሠኝ ይመስለኛል። ማቅለል ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ባዶነት፣ ጌጥ አልባነት ነው። ግጥም ሲቀል ቃሉ ያነሰ፣ መድረክ ሲቀል ዕቃው የጐደለ ይመስለናል። ላስታ ግን ይህን አይልም። ከላሊበላ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ እየተነባበሩ የቆመ ግንብ ነው። እንጨቱ የገባው ግድግዳውን አጥብቆ እንዲይዝ ነው፤ ከጥንት ከአክሱም ጀምሮ የነበረ የግንብ ብልኀት ነው። በቤተ አማኑኤል ግን ግድግዳው በሙሉ አንድ ዐለት ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር መልክ ገባ ወጣ እያለ ተቀርጾበት እናያለን። ምንም የሚይዘው ነገር የለም፤ ዐለቱ እንጨት አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን አልተወውም? ሁሉን ነገር ለአገልግሎቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ቢሆን ይህን እንደ ትርፍ ይቈርጠው ነበር። የላስታው ጠራቢ ግን አልቈረጠውም፤ ያ መልክ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው፣ ከአባቶች ግንብ ጋራ የሚያገናኘው ምልክት ነበርና። ስለዚህ የሚቀነሰው «የማይጠቅም» ሁሉ አይደለም። ምን እንደሚቀር የሚወስነው ሥራው ምን እንዲሆን እንደተፈለገ ነው፤ ይህን ደግሞ መዶሻው አይናገርም።

ይሁን እንጂ በዐለቱ ምሳሌ ላይ ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ አለ፤ ለእኔም ቀላል ሆኖ አልታየኝም። ዐለት ተማሪ አይደለም። የሚቀነስለትን አይጠይቅም፤ በተቀነሰበትም አያዝንም። ጠራቢውም በዚያ ዐለት ላይ አይለማመድም፤ እያንዳንዱ ምት የመጨረሻ ነው። በትግል ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እጁ የተጠመዘዘበት ተማሪ በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ ባላጋራው ይለቀዋል፤ ተነሥተው እንደገና ይጀምራሉ። ስሕተት እንዲመለስ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ነው፤ ልምምድ ማለትም ይኸው ነው። ታዲያ ከማይመለሰው ሥራ ስለሚመለሰው ሥራ መማር ይቻላልን?

በእኔ አስተያየት የሚቻለው ዐለቱን ለብቻው ስናይ አይደለም፤ አገሩን ስናይ ነው። በላስታና በአካባቢው የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዐሥራ አንዱ ብቻ አይደለም። አሸተን ማርያም አለች፤ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ አሉ፤ ገነተ ማርያም አለች። ከላስታ ወጣ ብንል የትግራይ ፍልፍሎች አሉ። የላሊበላዎቹም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተሠሩም፣ አንዳንዶቹ ይቀድማሉ ብለው እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የቅርስ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እንተወው። ለእኛ የሚበቃን ያ እጅ በአንድ ጀንበር አለመፈጠሩ ነው። በአንዱ ዐለት ላይ የማይመለሰው ስሕተት በሚቀጥለው ዐለት ላይ ትምህርት ሆኖ ይመለሳል። የአንዱ ሰው ልምምድ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ካልተቻለ የአገር ልምምድ በትውልድ ውስጥ ይቻላል።

የሚመለሰውንና የማይመለሰውን በአንድ ቤት ውስጥ አገናኝቶ የያዘ ትምህርት ግን ለላስታ ጎረቤት በሆነው በዋድላ እናገኛለን። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ አገባቡን ይዞ፣ ግሱን አጥንቶ ወደ ዝርፊያው ሲገባ የሚሰጠው ሁሉን አይደለም። በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ በየደረጃው ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። የቤቱ ቍጥር የተወሰነ ነው። ዜማው የተወሰነ ነው። ቤቱ የሚመታበት ፊደል የተወሰነ ነው። ጀማሪው «ምን ያህል ልጻፍ? በምን ቅርጽ ልጻፍ?» ብሎ አይጨነቅም፤ እኛ የዛሬዎቹ ባለ ነጻ ግጥሞች ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጠን የምንጨነቀውን ያህል ማለቴ ነው። ያ ሁሉ ተወስኖለታል። የቀረለት አንድ ነገር ነው፤ በሁለቱ ቤት ውስጥ ሰሙን ከወርቁ እንዴት ያጋጥመዋል?

ይህቺን አንዲት ነገር ግን ማንም አይወስንለትም። ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት ተቀምጦ፣ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። ማታ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፤ ያርማል፤ አንዳንዴም ከነሐሳቡ ይጥልበታል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ያመጣል። የትናንቱ ያማረ ቢሆን እንኳ ለዛሬ አያገለግልም፤ የራስንም የሌላውንም የቆየ ቅኔ ደግሞ ማቅረብ በዚያ ቤት ነውር ነው። እንግዲህ አስተውሉ። ቅርጹ ይደገማል፤ ውሳኔው አይደገምም። መምህሩ የተማሪውን ሸክም እስከሚቻለው ድረስ አቃልሎለታል፤ ግን ያቃለለለት አንዲቱን የእርሱ የሆነችውን ሸክም በየቀኑ እንዲሸከም ነው። እንዲህ የሠለጠነው ሰው ነው እንግዲህ በበዓል ቀን ማሕሌቱ ቆሞ ሲጠበቅ የዕለቱን ቅኔ በዚያው ሰዓት ሊያወርድ የሚችለው።

ከዚህ ላይ ሆኜ ስመለከተው ሁለት ዐይነት ማቅለል ያለ ይመስለኛል፤ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ በውስጣቸው ግን ጠላቶች ናቸው። አንደኛው እስካሁን የተናገርኩት ነው። ሁለተኛው ተማሪው እንዳይወስን የሚያደርግ ማቅለል ነው። እኔ ከምኖርበት ከቴአትሩ ቤት ምሳሌ ላምጣ። አንድ አዘጋጅ ለተዋናዩ «እዚህ ላይ ደረትህን ምታ፤ እዚህ ላይ ጀርባህን ለተመልካች ስጥ፤ እዚህ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ብሎ ሊያስጠናው ይችላል። ይህም ማቅለል ነው፤ ልምምዱ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ባለጋራው ተዋናይ አንድ ቃል የዘለለ ዕለት ግን ያ ሰው መድረክ ላይ እንጨት ይሆናል፤ ደረቱን የሚመታበት ቦታ ጠፍቶበታልና። ሌላው አዘጋጅ ደግሞ እንቅስቃሴውን ሁሉ ይነሣውና «ከዚህ ሰው የምትፈልገው ምንድን ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ይሰጠዋል። ይህኛው ተዋናይ ቃል ቢዘለል ጥያቄው አይዘለልበትም። ሁለቱም አዘጋጆች ቀንሰዋል። የመጀመሪያው የቀነሰው ተዋናዩን ነው፤ ሁለተኛው የቀነሰው እንቅስቃሴውን ነው።

በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ለፈተና የሚሸጡት የመልስ መጽሐፎች፣ በስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ ሁሉን አስተምራለሁ የሚሉት ምስሎች ከፊተኛው ወገን ናቸው። ስለ እነርሱ ብዙ መናገር አልሻም፤ ሞኝ የማያታልሉትን ያህል ግልጽ ናቸው። ይልቅ የሚያሳስበኝ በቅን ልቡና የሚቀንስ መምህር ነው። አርባ ተማሪ ፊቱ ተቀምጧል፤ ጊዜው አጭር ነው፤ እርሱ ራሱ የሚያውቀውና የሚወደው መንገድ አንድ ነው። ያንን አስተምሮ የቀረውን ይተዋል። ተማሪው የተተወውን ስላላየ እንደተነፈገ እንኳ አያውቅም። መድኃኒት የሚከለክል ሰው ቢያንስ በሽተኛው ይጠይቀዋል፤ ዕውቀትን የሚከለክል ግን የሚጠይቀው የለም። የጥያቄያችን የሥነ ምግባር ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመቀነስ መብት ያለው ታዲያ ማነው? እኔ የማገኘው መልስ፣ የቀነሰው ነገር እንዲፈተን የሚፈቅድ ሰው ነው የሚል ነው። ወደ ኤሊዮ ግሬሲ ልመለስ። በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. በሪዮው የማራካና ስታዲየም ከጃፓናዊው የጁዶ ጌታ ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋራ ገጠመ። ኪሙራ በክብደትም በጕልበትም እጅግ ይበልጠው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከጣለው በኋላ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘው። ኤሊዮ እጅ አልሰጥም አለ፤ በመጨረሻ ወንድሙ ካርሎስ ፎጣ ወርውሮ አስቆመለት። ክንዱ ተጎድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ያ የክንድ መጠምዘዣ በብራዚል ጁጂትሱ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ «ኪሙራ» ተብሎ ይጠራል፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ለተማሪው ይሰጣል። ጥቂቱን መርጫለሁ ብሎ የኖረ ቤት፣ ያሸነፈውን ብልኀት በአሸናፊው ስም ጠርቶ ከጥቂቶቹ መካከል አስቀመጠው። መዝገቡ አጭር ነው፤ ግን አልተዘጋም።

በራሷ በላሊበላም የዚህ ተቃራኒ ገጽታ ያለው ምሳሌ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናም ለማዳን ተብሎ በተደረገ ጥገና ዐለቱ በሬንጅና በቀለም ተቀብቶ ነበር። በ1960ዎቹ ውስጥ ጣሊያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው የጥገና ቡድን ሲመጣ ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ይህን የተጨመረውን ማንሣት ነበር። በቅን ልብ የተጨመረ ነገር ነበር። ነገር ግን ዐለቱ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ የተጨመረ ነው፤ ቀለሙ ድንጋዩን ሸፈነው እንጂ ድንጋዩን አላወቀውም። በመቀነስ የተሠራ ሥራ የሚጠገነው እንኳ እየቀነሱ ነው ብዬ ደንብ ለማውጣት አልደፍርም፤ ዝናም ዝናም ነው፤ ስንጥቅም ስንጥቅ ነው፤ አንዳንዴም ደግፎ መያዝ ግድ ይሆናል። ግን የሚጨምረውም እንደሚቀንሰው ሁሉ ከሥራው ፊት ቆሞ መጠየቅ ይገባዋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱም መምህሩ በትክክል ቀንሶ፣ በትክክል ፈትኖም እንኳ ሊያገኘው ስለማይችለው ተማሪ ነው። ሰው ሁሉ አንድ አካል፣ አንድ ጆሮ የለውም። አጭር ቅልጥም ላለው ልጅ የረጅሙ ሰው ጥልፊያ አይሆነውም፤ መምህሩ ግን ረጅም ከሆነ፣ ካገኛቸው ጥቂት እውነቶች ውስጥ ያቺ ጥልፊያ ዋነኛዋ ናት። እንዲህ ያለውን ልጅ «አልገባውም» ብሎ መተው ቀላል ነው። ለአንዱ ልጅ ሲሉ መቶውን ብልኀት ሁሉ ለሁሉም መልሶ መዘርገፍም መፍትሔ አይሆንም፤ በመጀመሪያ ያየነው መተፋፈግ ይመለሳልና።

የቅኔ ቤቶች ለዚህ ያገኙት መልስ በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን በእግር የሚኬድ ነው። ዋድላ የራሱ መንገድ አለው፤ ዋሸራም የራሱ፤ ጎንጅም የራሱ። እያንዳንዱ ቤት ከራሱ መንገድ ውጭ ያለውን ለመጨመር አይጣደፍም፤ አንዱ መምህርም የሦስቱን ቤት ሙያ በአንድ ጉባኤ ካላዋሐድኩ አይልም። ይልቅስ ተማሪው የአንዱን ቤት ከጨረሰ፣ ወይም ያ ቤት አልሆነው ካለ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ይነሣል። መምህሩ አይከለክለውም። የት ልትሄድ ነው ብሎ ይጠይቀዋል፤ በዚያ ያለውን መምህር ስም ይነግረዋል፤ መርቆም ይሸኘዋል። ልጁም ከዋድላ ቍልቍለቱን ወርዶ ዐባይን ሊሻገር ይሄዳል፤ እዚያ ማዶ ሲደርስ፣ መወድስ ቈጥሮ የወጣው ሰው፣ በሌላ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ እንደገና ከጉባኤ ቃና ይጀምራል።